ከልጆች ጋር ገደል መውረድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መሀል አዲስ አበባ ላይ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ጭንቀቱ ይገባኛል። ጠባብ ግቢ፣ አስፋልት፣ መኪና፣ ቴሌቪዥን። ድንጋይ ላይ ተንጠላጥሎ የማያውቅ ልጅ ብዙ ነው። ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎና ከካዛንቺስ ወላጆች ስለ ካምፒንግ ስጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የማወራው ስለ አንድ ቦታ ነው። ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ስላለው ገደል። ደጋግመው የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤአለሁ።

ልጅ ይዞ ገደል መውረድ አያሰጋም ወይ?

ያሰጋል። አደጋውን የሚያባብሰው ግን ብዙ ጊዜ የአዋቂው ችኮላ ነው። «እዚህ ድረስ መጥተን ታች ሳንደርስማ አንመለስም» የሚለው አባት ነው የሚያስፈራኝ።

መውረዱን ማንም ይወርደዋል። ጣጣው መውጣቱ ላይ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ልጅ ይሮጣል፣ ይስቃል፣ ድካሙ አይታወቀውም። ዳገቱ ሲጀመር ጉልበቱ ያልቃል። ያኔ ፀሐይዋም አናት ላይ ናት፣ ውሃውም ተገባዷል፣ «እዘሉኝ» ይመጣል። ስለዚህ ሁሉንም ነገር በመውጫው ለኩት። የመነሻ ሰዓቱን፣ የውሃውን መጠን፣ የምትወርዱትን ርቀት፣ ሁሉንም ከመካከላችሁ ትንሹ ልጅ በሚወጣበት ጉልበት አስሉት። ታች መድረስ ግዴታ አይደለም። ከአፋፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቁርስ መብላት ለአምስት ዓመት ልጅ ሙሉ ጉዞ ነው።

ለምን ደብረ ሊባኖስ? ቀረብ ያለ ቦታ የለም?

አለ። ጨርሶ ለማያውቁ ልጆች መጀመሪያ እንጦጦ ፓርክ ውሰዷቸው። ዳገትና ቁልቁለት መለማመጃ ይሆናቸዋል፣ ከአራት ኪሎም ሩቅ አይደለም። ለመጀመሪያ የድንኳን አዳር ደግሞ መናገሻ ሱባ ደን ጥሩ ነው።

ገደል ማየት ከሆነ ሐሳባችሁ ግን ደብረ ሊባኖስ ሌላ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን በጎጃም መንገድ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። እንጦጦን ተሻግራችሁ በሱሉልታ፣ በጫንጮ፣ በሙከጡሪ፣ በደብረ ፅጌ ትሄዳላችሁ። መንገዱን ሙሉ የምታዩት ሜዳ ነው። ጤፍ፣ ከብት፣ የሣር ክምር። ከዚያ ወደ ገዳሙ ስትታጠፉ ሜዳው ድንገት ይቆረጥና መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ይከፈታል። ልጆች ይህን ሲያዩ መጀመሪያ ዝም ይላሉ፤ ቀጥሎ ሁሉም በአንዴ ማውራት ይጀምራሉ።

እንጦጦን ስትሻገሩ ለልጆቹ አንድ ነገር ንገሯቸው። የጋራው አናት ውሃ የሚለያይበት ነው። ወደ ከተማው በኩል የዘነበው ዝናብ በቀበናና በሌሎቹ ወንዞች አቃቂ ይገባል፣ ከዚያ አዋሽ ይሆናል፣ ባሕር ሳይደርስ በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። በሱሉልታ በኩል የዘነበው ግን አባይን ተከትሎ ሜዲትራኒያን ድረስ ይሄዳል። የምትሄዱበት ገደል ውስጥ ያለው ውሃም ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ አባይ ነው። ልጆች ይህን ከያዙ በኋላ ገደሉን የሚያዩበት ዓይን ይለወጣል። ማን እንደቆፈረው ያውቃሉ።

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ሰላም አጣሩ። በዋዜማው ለምታድሩበት ቦታ ደውሉ፣ ወደ ፍቼ የሚመላለሱ ሾፌሮችንም ጠይቁ። ጥሩ ካልሆነ ጉዞውን አስተላልፉት። ገደሉ የትም አይሄድም።

ከስንት ዓመት ጀምሮ ይቻላል?

አፋፉ ላይ ለማደር ዕድሜ አይከለክልም። በእግሩ ለሚወርድ ልጅ ግን የእኔ መለኪያ ዕድሜው አይደለም፣ «ቁም» ሲባል መቆሙ ነው። ቤት ውስጥ ሞክሩት፣ መንገድ ላይ ሞክሩት። በመጀመሪያው ጥሪ የማይቆም ልጅ ገና ነው። ስድስት ዓመት ሆኖት የሚቆም አለ፣ አሥር ሞልቶት የማይቆም አለ። የሚታዘል ሕፃን ካለ አንዱ ወላጅ አብሮት ከላይ ይቅር። ሕፃን አዝሎ ልቅ ድንጋይ ላይ መውረድ ለሁለቱም አይበጅም።

መቼ እንሂድ?

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ድረስ ያለው ጊዜ የእኔ ምርጫ ነው። ፏፏቴው ውሃ አለው፣ ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባም ትደርሱበታላችሁ። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሌሊቱ ግን ይቆረጥማል። በጋው ሲገፋ ውሃው ይሳሳል።

ክረምት ላይ ከልጅ ጋር አትውረዱ። ጭቃው ያንሸራትታል፣ ዝናብ የነካው ድንጋይ ከላይ ይናዳል። ወንዙ ደግሞ እናንተ ጋ ፀሐይ እያለ ራቅ ብሎ በዘነበ ዝናብ ሊሞላ ይችላል።

የገዳሙን በዓላትም አስቡ። በግንቦት 12፣ በነሐሴ 24 እና በታኅሣሥ 24 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ስለሆነ ምእመኑ ይጎርፋል። ለበዓሉ ከሆነ የምትሄዱት እሰየው። ለካምፒንግ ከሆነ ሌላ ቀን ይሁን።

ድንኳኑን የት እንትከል?

አፋፉ ላይ ካሉት ማረፊያዎች ግቢ ውስጥ፣ አስፈቅዳችሁና ከፍላችሁ። ሽንት ቤት አለ፣ ጥበቃ አለ፣ ሌሊት ልጅ ቢያማችሁ የምትጠሩት ሰው አለ። የገዳሙ ይዞታ ላይ ሳይፈቀድ ድንኳን አይተከልም። ወንዝ ዳር ወይም ገደል ሥር በፍጹም አትትከሉ። አንዱ ጎርፍ ያመጣል፣ ሌላው ድንጋይ።

ግቢ ውስጥም ቢሆን ድንኳኑ ከአፋፉ ይራቅ። በሩን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ግቢው አዙሩት። ልጅ ሌሊት ሽንቱ መጥቶ እንቅልፍ ዓይኑን እንደሞላው ሲወጣ የሚረግጠው አቅጣጫ የድንኳኑ በር ያየበት ነው። ይህን የምትወስኑት ሲመሽ ሳይሆን ችንካሩን ስትመቱ ነው።

ቁልቁለቱን እንዴት ነው የምናወርዳቸው?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ሁሉም ነገር ያለው እዚህ ስለሆነ።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቁርስ በልታችሁ በ2 ሰዓት ጀምሩ። መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢ ሰው ያዙ፣ ዋጋውንም ሳትነሱ ተስማሙ። መውረድ ስትጀምሩ ሰዓታችሁን እዩ። ለመውረድ 40 ደቂቃ ከፈጀባችሁ ከልጅ ጋር ለመውጣት እጥፉን ያዙለት። እረፍቱን ስትጨምሩበት ሁለት ሰዓት ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ የመመለሻ ሰዓታችሁን ከላይ ሆናችሁ ቁረጡ፣ ለልጆቹም ንገሯቸው። «4 ሰዓት ሲሆን የትም ብንሆን እንዞራለን» ማለት በቂ ነው። ሰዓቱን የሚጠብቅ አንድ ልጅ ሹሙ። ከልጆቹ ትልቁ ቢሆን ደስ ይለዋል፣ አዋቂዎቹንም አይለቅም።

አሰላለፉ እንዲህ ነው። አንድ አዋቂ ከፊት፣ አንድ አዋቂ ከኋላ፣ ልጆቹ መሀል። ጠባብ ቦታ ላይ አዋቂው በገደሉ በኩል ይሆናል፣ ልጁ በግድግዳው በኩል። እጁን ስትይዙ ጣቱን ሳይሆን አንጓውን ያዙ። ላብ ያለበት ጣት ሾልኮ ይወጣል፣ አንጓ አይወጣም።

ልቅ ድንጋይ ያለበት ቁልቁለት ላይ አንዱ በሌላው አናት ትክክል አይውረድ። ከላይ ያለው የረገጠው ድንጋይ ከታች ያለውን ያገኘዋል። ተራ በተራ ውረዱ፤ አንዱ ወርዶ ጥግ ሲይዝ ሌላው ይከተል። ድንጋይ ያስነሳ ሰው፣ ትንሽም ቢሆን፣ «ድንጋይ!» ብሎ ይጩኽ። ልጆች ይህን ይወዱታል፤ በትንሽ በትልቁ ይጮኻሉ። ይጩኹ። ቁልቁለቱ በጣም ቀጥ ሲል በቂጥ ቁጭ ብሎ መንሸራተት ነው። ሱሪ ይቀደዳል፣ ምንም አይደል።

አፋፉ ላይ ያለው ሕግ አንድ ብቻ ነው። ከጠርዙ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ሲቀር መቆም። ታች ማየት የፈለገ ልጅ በደረቱ ይተኛል፣ አዋቂው ቁርጭምጭሚቱን ይይዝለታል፣ ከዚያ እንደልቡ ያያል። ቆሞ ማጎንበስ የለም። ለፎቶ ተብሎ ወደ ኋላ መራመድማ ጭራሽ።

ድንጋይ ወደ ታች መወርወርም አይቻልም። ይህን ቤት ሳላችሁ ንገሯቸው። ገደሉ ባዶ ይመስላል እንጂ ከታች እረኛ አለ፣ ከብት አለ፣ ቅጠል የሚለቅም ሰው አለ።

አንድ ነገር ደግሞ በርግጠኝነት ይገጥማችኋል። የአካባቢው ልጆች ያንኑ አፋፍ እንደ ፍየል ሲወጡና ሲወርዱ ልጃችሁ ያያል፣ መከተል ያምረዋል። አትቆጡት። እነሱ እዚያው ተወልደው በየቀኑ የሚረግጡት መሆኑን ንገሩት። ከዚያ ይልቅ ያስተዋውቁ። አካባቢው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። «አካም» ብሎ ሰላም የሚልና «ገለቶማ» ብሎ የሚያመሰግን የከተማ ልጅ እዚያ ወዲያው ጓደኛ ያገኛል።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ አይተናኮሉም?

ካልነካችኋቸው አይነኳችሁም። ጭላዳ የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ዋና ምግቡም ሣር ነው። ሌሊቱን ገደሉ ግድግዳ ላይ ያድራል፣ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል። ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ አፋፉ አካባቢ ጸጥ ብላችሁ ብትቀመጡ አንድ በአንድ ሲወጡ ልታዩ ትችላላችሁ።

ልጆቹ የጭላዳዎቹን እጅ እንዲያዩ ንገሯቸው። ቂጡን መሬት አስይዞ ይቀመጣል፣ በሁለት እጁ ሣሩን በፍጥነት እየነቀለ ያጭቃል፣ ሳይነሳ ትንሽ ፈቀቅ ይላል፣ እንደገና ይለቅማል። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ባዶ ቆዳ ከሩቅ ይታያል። ወንዱ እስከ ጀርባው የሚወርድ ጎፈር አለው። የላይ ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ካሳያችሁ «ራቁ» ማለቱ ነው። ራቁ።

ምግብ አትስጡ። ዳቦ የለመደ ዝንጀሮ ቀጥሎ የሚመጣውን ልጅ እጅ ይነጥቃል። ማንኛውም እንስሳ፣ ዝንጀሮም ሆነ ውሻ፣ ቢነክስ ወይም ቢቧጭር ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ሽኮኮም ትኩረት ይገባዋል። ጠዋት ድንጋይ ላይ ተኝቶ ፀሐይ ይሞቃል። ይህች ትንሽ እንስሳ የዝሆን ዘመድ መሆኗን ለልጆች ንገሯቸውና ፊታቸውን እዩ።

ገደሉ አጠገብ ያለውን «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚባለውን የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው?

አይደሉም። ፖርቱጋሎች የመጡት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በክሪስቶቮ ዳ ጋማ የሚመራው ጦር ምጽዋ የደረሰው በ1541 እ.ኤ.አ. ነበር። ይህን ድልድይ ያሠሩት ግን የአፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ናቸው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ። ራስ ዳርጌ ሰላሌን ይገዙ የነበሩ ሰው ናቸው። በኖራው ውስጥ የሰጎን እንቁላል ተቀላቅሏል ሲባል ትሰማላችሁ፣ ልጆችም ከሁሉ የሚያስታውሱት ይህንን ነው። የሚባል ነገር መሆኑን ጨምሩበትና ንገሯቸው። ድልድዩ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ በመሀሉ ሂዱ፤ ከጎኑ ውሃው የሚወረወርበት ገደል አለ።

ገዳሙንም እንጎብኝ?

አዎ፣ ግን በሌላ ሰዓት፣ ልብስ ቀይራችሁ። ነጠላ ያዙ፣ ጫማ የሚወልቅበት ታወልቃላችሁ፣ ፎቶ ስታነሱ አስፈቅዱ። ገዳሙን በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። አሁን የሚታየውን ትልቁን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው።

ከፍ ላሉ ልጆች አንድ ሌላ ነገር መናገር ይገባል ብዬ አምናለሁ። ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ የቆመውን የየካቲት 12 ሐውልት በየቀኑ ያልፉበት ይሆናል። ያ በ1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈጸመው ግፍ እዚያ አላበቃም። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ምእመናን በጅምላ ተረሽነዋል። ከተማቸውንና ይህን ገዳም የሚያገናኝ ታሪክ ነው፣ ቦታው ላይ ሆነው ሊሰሙት ይገባል።

ምን እንብላ?

ወደ ገደሉ ስትወርዱ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ብርቱካን። በቃ። በሶ እሳት አይፈልግም፣ አይበላሽም፣ ከውሃና ከትንሽ ጨው ወይም ስኳር ጋር ሲበጠበጥ የደከመ ልጅ ያነሳል። ማታ ደግሞ ድርቆሽ ፍርፍር። ቁሌቱን ቤት ሠርታችሁ ከያዛችሁ በአንዲት ቡታጋዝ በአሥር ደቂቃ ይደርሳል። ቺፕስና ለስላሳ ውሃ ያስጠማል፣ እዚህ ዋጋ የለውም።

ለቀኑ መንገድ ለአንድ ልጅ ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ያዙ። ግማሹን ለመውጫ አስቀሩ፣ አትንኩት። የፌስታልና የፕላስቲክ ቆሻሻውን ይዛችሁ ተመለሱ።

ወንዙ ውስጥ ይግቡ?

አይግቡ ነው የምለው። ቀስ ብሎ የሚሄድ ወይም የተኛ ውሃ ውስጥ ቢልሃርዚያ ሊኖር ይችላል። ድንጋዩም አልጌ ስለሚይዝ ያንሸራትታል። የወንዙን ውሃ ለመጠጥ ካስፈለጋችሁ አፍሉት፣ ወይም በውሃ አጋር አክሙት። አፋፉ ደጋ ነው፤ ብዙ ወርዳችሁ ከ2,000 ሜትር በታች ከደረሳችሁ ግን የወባ ትንኝም አስቡ።

ሌሊቱ ምን ያህል ይበርዳል?

የአዲስ አበባን ኅዳር አስቡትና ግድግዳውን አንሱለት። ቅዝቃዜው የሚመጣው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሬቱ ነው። ስለዚህ ስሊፒንግ ባግ ከመግዛታችሁ በፊት ስፖንጅ ፍራሽ ያዙ። ከሥሩ ላስቲክ፣ ከላዩ ብርድ ልብስና ጋቢ። ኮፍያና ካልሲ ደረቅ የሆነ፣ ለመኝታ ብቻ የተቀመጠ። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ባትሪ ስጡት። ጨለማን የሚፈራ ልጅ ባትሪው በእጁ ሲሆን ይተኛል።

አደጋ ቢደርስስ? ልጅ ቢጠፋስ?

ለያንዳንዱ ልጅ አንገቱ ላይ ፊሽካ እሰሩለት። ሕጉ ቀላል ነው። ከጠፋህ ካለህበት አትንቀሳቀስ፣ ፊሽካህን ንፋ። ልጆች ሲጠፉ ወላጅ ፍለጋ ይሄዳሉ፣ ገደል አካባቢ ትልቁ አደጋ ያ ነው። ከመውረዳችሁ በፊት ቆማችሁ አለማምዷቸው።

እጃቸውን የማያዩት የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ አይክተቱ፣ ድንጋይም አይገልብጡ። እባብና ጊንጥ የሚያርፉት እዚያ ነው። ልጅ ከወደቀና ጭንቅላቱን ከተመታ፣ ወይም አንገቱን ወይም ጀርባውን ካመመው አታንሱት፤ አረጋጉት፣ አሙቁት፣ እርዳታ ጥሩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ገደሉ ውስጥ ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል አንድ አዋቂ ከላይ ይቅርና የምትመለሱበትን ሰዓት ይወቅ። ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ኦአርኤስ፣ ሳሙና በአንዲት ቦርሳ ውስጥ ይሁኑ፣ ቦርሳዋም ከኋላ በሚሄደው ሰው ጀርባ ላይ።

ድንጋይ እየለቀሙ ቦርሳ ይሞላሉ፣ ምን እናድርግ?

ደስ ይበላችሁ። ስለ ድንጋይ መጠየቅ ጀምረዋል ማለት ነው። ከላይ ያለው ጥቁሩ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። የኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነው ትልቁ የእሳተ ገሞራ ፍሰት የወጣው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ወደ ጀማ ጠለቅ ተብሎ ሲወረድ ደግሞ አሸዋ ድንጋይና ባሕር ትቶት የሄደ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ይህን ለልጅ የማስረዳበት መንገድ አለኝ። ከጉዞው በፊት በነበረው ቅዳሜ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ውሰዷቸውና ሉሲን አሳዩአቸው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይሏታል። ገደሉ ላይ ስትደርሱ «ያ ፍሰት የወጣበት ዘመን ከሉሲ ዘመን አሥር እጥፍ ገደማ ይርቃል» በሏቸው። በጣታቸው መቁጠር ይጀምራሉ።

አንድ አንድ ድንጋይ አስመርጧቸው፣ ሌላው ይመለስ። ከገዳሙ ይዞታ ግን ምንም አይነሳ።

መኪና የለንም።

ከሁለት ቤተሰብ ጋር ተነጋግራችሁ ሚኒባስ ኮንትራት ያዙ። ሾፌሩ አብሯችሁ እንደሚያድር ወይም ተመልሶ እንደሚመጣ፣ አበሉንም ጨምሮ፣ ሳትነሱ ተስማሙ። ሌላ ቤተሰብ መኖሩ ለልጆቹም ይበጃል፤ አንድ አዋቂ ከላይ ለመቅረትም ሰው አይጠፋም።

አያታቸው አብረው መሄድ ይፈልጋሉ። ይችላሉ?

ለምን አይችሉም? ከላይ የሚቀረው ሰው ማን ይሁን የሚለውም ይቃለላል። ስልኩና የመመለሻ ሰዓቱ ከእርሳቸው ጋር ይሁን። የመሬት ፍራሽ ስለማይመቻቸው ማረፊያው ውስጥ አልጋ ያዙላቸው። ጀርባ ያለው ወንበር፣ ጋቢና ጀበና አትርሱ። ቡናውን እርሳቸው ያፈላሉ፤ ከዳገቱ ለሚመጡት ልጆች ደግሞ በፔርሙስ ሻይ ያቆዩላቸው።